የወንጂ ውሃና የእኔ ማስተርስ

ስደተኛ ከስደተኛ ሲገናኝ ሰላምታው ሳያልቅ የሚከተለው ጥያቄ «ትማራለህ ወይስ እንዲሁ ነህ?» የሚለው ነው። «እንዲሁ» የተባለው በቀን ሁለት ፈረቃ የሚሠራው ሰው መሆኑ ነው እንግዲህ! እኔ ለሦስት ዓመት «ማስተርሴን እየሠራሁ ነው» ስል የጠያቂዬ ፊት ይፈካ ነበር። «በምን?» ብሎ «በጂኦሎጂ» የሚለውን ሲሰማ ግን የፈካው ፊት መልሶ ይጨልማል። ታክሲ የሚነዱ አንድ አዛውንት ወዳጄ፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ የሁሉንም ሐሳብ ባጭሩ ተናገሩት፤ «ልጄ፣ ድንጋይ እኮ አገርህ ሞልቷል። ነርሲንግ ብትማር ምን ነበረበት?»

እውነታቸውን ነው። ነርሲንግ የተማሩት ጓደኞቼ ቤት ገዝተዋል። እኔን ወደዚህ ትምህርት የወሰደኝ ግን ድንጋይ አይደለም፤ ጥርሴ ነው። ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። (ዓመተ ምሕረቱን የምጠቅሰው ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

የተወለድኩት ወንጂ፣ የስኳር ፋብሪካው ሠራተኞች ካምፕ ውስጥ ነው። ፋብሪካውን ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1954 ሥራ አስጀመረው፤ በ1975 በደርግ ተወረሰ። አባቴ በሸንኮራ ቆረጣ ጀምሮ በመስኖ ክፍል ጡረታ የወጣ ሠራተኛ ነበር። የወንጂ ልጅ ከየትም ቢሄድ የሚታወቀው በጥርሱ ነው፤ የአንዱ ቡኒ፣ የሌላው ዥጉርጉር፣ የአንዳንዱም ጫፉ የተሸረፈ። ናዝሬት ለትምህርት ስንሄድ ገና አፋችንን ስንከፍት «ወንጂዎች መጡ» ይሉን ነበር። በዚህ ምክንያት ከመሳቃችን በፊት እጃችንን ወደ አፋችን መውሰድ ለመድን። እኔ አሁንም እወስዳለሁ። ምክንያቱን ስንጠይቅ «ሸንኮራ ስለምትመጡ ነው» ይሉናል፤ እኛም አምነን ሸንኮራችንን እንመጣለን።

አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ጥርሴን ያየው ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀኝ «ስንት ዓመት አጨስክ?» ብሎ ነው። በሕይወቴ አንድ ሲጋራ አጭሼ አላውቅም። ፊት ለፊት ያሉትን ስምንቱን ለመሸፈን የጠራልኝ ዋጋ ከመኪናዬ ዋጋ ይበልጥ ነበር። መኪናዬ አሮጌ ናት፤ ቢሆንም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ተምሬ በ2001 ስመረቅ፣ በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ነገር እንደሚበዛ፣ ጥርስ የሚያበላሸውም እሱ እንደሆነ አውቅ ነበር። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ስላለው የፍሎራይድ በሽታ ያደረጉትን ጥናት በ1987 አሳትመዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ያሳስባል። ይህን ሁሉ ለፈተና ሸምድጄ፣ በፈተናው ወረቀት ላይ አስፍሬ፣ ረስቼዋለሁ።

በ2006 አገሬን ለቅቄ ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ የዚህ ጋዜጣ አንባቢ ሳይነገረው ስለሚያውቅ ቦታ አላባክንም። ዋሽንግተን ውስጥ ለሊት ለሊት የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ እየተቀበልኩ የጥገኝነት ጥያቄዬ በ2008 ተፈቀደልኝ። በ2009 አባቴ አረፈ። መርዶውን የነገሩኝ ወዳጆቼ ተሰብስበው ቤቴ ድረስ መጥተው ነው፤ እሱንም ወጉን አሳይተውኛል፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን ሰው አባቱን ባልቀበረበት አገር የሚቀመጠው ሐዘን ለየት ያለ ነው፤ የሚሠራ ነገር የለውም። ስለዚህ አነብ ነበር። በዚያች የመስታወት ክፍሌ ውስጥ ከለሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ መኪና ሲጠፋ፣ ስለ ወንጂ የተጻፈ የሕክምና ጥናት ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። ፍሎራይድ ጥርስ ብቻ አይደለም የሚነካው። ለብዙ ዓመታት የጠጣው ሰው አጥንቱ ይወፍራል፤ የጀርባውና የአንገቱ መጋጠሚያዎች እየተያያዙ ይደርቃሉ፤ የባሰበትም ይጎብጣል። አባቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሰው ሲጠራው አንገቱን ማዞር አይችልም ነበር፤ መላ አካላቱን ነበር የሚያዞረው። እኛ ልጆቹ በዚህ እንስቅ ነበር፤ «አባባ እንደ ወታደር ዞረ» እያልን። ሐኪም ቤት «ቁርጥማት ነው» ብለው መርፌ ይወጉታል። ራጅ ስላልተነሳ ዛሬም ቢሆን እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም። ሠላሳ አንድ ዓመት ያንን ውሃ እንደጠጣ ግን እርግጠኛ ነኝ።

ማስተርሱ የተጀመረው ያን ለሊት ነው፤ ዩኒቨርሲቲው የተቀበለኝ ግን በ2011 መስከረም ነው።

እዚህ ላይ ዲግሪውን ሻንጣ ውስጥ አስቀምጦ መሪ ለጨበጠው ወገኔ ትንሽ ልናገር። አሜሪካ ውስጥ ማስተርስ ሁሉ በገንዘብ የሚገዛ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። በንግድና በመሳሰለው እውነት ሊሆን ይችላል። በሳይንሱ በኩል ግን፣ ጂኦሎጂን ጨምሮ፣ ቴሲስ የሚጻፍበት ፕሮግራም ከሆነ ዲፓርትመንቱ ብዙ ጊዜ ተማሪውን ረዳት መምህር አድርጎ ይቀጥረዋል። በሳምንት 20 ሰዓት ያህል ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የድንጋይ ላቦራቶሪ ታስተምራለህ፤ የትምህርት ክፍያው ይቀርልሃል፤ ለቤት ኪራይና ለሽሮ የምትበቃ ደሞዝም ትቆረጥልሃለች። ቴሲስ የሌለው ፕሮግራም ግን በአብዛኛው ከራስ ኪስ ነው። ስለዚህ ማመልከቻ ልኮ ከመጠበቅ በፊት፣ በምትፈልገው ነገር ላይ ለሚሠራው ፕሮፌሰር በቀጥታ መጻፍ ነው የሚያዋጣው። እኔ ለአሥራ አንድ ጻፍኩ፤ ሦስቱ መለሱ፤ አንዱ «ና» አለኝ። ትራንስክሪፕት ደግሞ ያኔ ከሬጅስትራር በታሸገ ፖስታ ካልመጣ አይቀበሉም ነበር። እህቴ ውክልና ይዛ ከወንጂ አዲስ አበባ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች፤ በመጀመሪያው ጊዜ ማኅተም የሚያደርገው ሰውዬ የለም፣ በሁለተኛው ጊዜ ሰውዬው አለ፣ ማኅተሙ የለም።

በዕድሜ ከክፍሉ ሁሉ ትልቅ እኔ ነበርኩ። ይህ ብዙም አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ጂኦሎጂ የእግር ትምህርት ነው። ድንጋዩ ካለበት ሄደህ፣ በመዶሻ ሰብረህ፣ በምላስህም ቀምሰህ ጭምር ነው የምትማረው። ክረምት ሲደርስ አንዱ የክፍል ጓደኛዬ መኪናውን ጭኖ ወደ ዋዮሚንግ፣ ሌላዋ ወደ አይስላንድ ይሄዳሉ። «ያንተ ፊልድ የት ነው?» ይሉኛል። የእኔ ፊልድ ወንጂ ነው። የጥገኝነት ወረቀት የያዘ ሰው ደግሞ ሸሸሁ ወዳለው አገር ተመልሶ ከገባ ወረቀቱን ሊያጣ ይችላል፤ ያንን ተወውና፣ ስገባ የሚጠብቀኝንም አላውቅም። ፈረንጅ በቱሪስት ቪዛ ሄዶ ድንጋዬን ሰብሮ ይመጣል፤ እኔ የጨዋታ ሜዳዬን በሳተላይት ፎቶግራፍ አያለሁ።

እንግዲህ ፊልዴ መሳቢያ ውስጥ ሆነ። የዲፓርትመንቱ ምድር ቤት በብረት ቁም ሣጥኖች የተሞላ ነው። በየመሳቢያው ከዓለም ዙሪያ የመጣ ድንጋይ በጨርቅ ከረጢት ታስሮ ተቀምጧል። ፕሮፌሰሬ «የኢትዮጵያ ነገር ሳይኖር አይቀርም፣ ፈልግ» አለኝና ቁልፉን ሰጠኝ። በሁለተኛው ቀን አንድ ከረጢት ላይ በደበዘዘ ቀለም «ገደምሳ» የሚል አነበብኩ። በ1970ዎቹ አንድ ተመራማሪ ሰብስቦ ያመጣው ነው። ገደምሳ ማለት ከካምፓችን ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲታይ እንደ ሰፊ ግድግዳ የሚታየው ተራራ ነው። ጥንት ፈንድቶ፣ መሐሉ ወደ ውስጥ ተደርምሶ፣ ስፋቱ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ጎድጓዳ የቀረበት እሳተ ገሞራ መሆኑን ልጅ ሆነን የነገረን የለም፤ ፀሐይ የሚገባበት ቦታ ነበር ለእኛ። ከረጢቱን ፈትቼ ፑሚሱን አወጣሁት። ብሎኬት የሚመረትበት ያ ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ስለነበርኩ አሸተትኩት። ምንም አይሸትም። አርባ ዓመት በመሳቢያ የኖረ ድንጋይ ምን ሊሸት ይችላል?

ሁለት ዓመት የሠራሁት ሥራ ሲነገር ቀላል ነው። ፑሚሱን፣ ባልጩቱንና የእሳተ ገሞራ አመዱን እየፈጨሁ፣ በንጹሕ ውሃ ውስጥ እየዘፈዘፍኩ፣ ሳምንታት እያናወጥኩ፣ ምን ያህል ፍሎራይድ ከድንጋዩ ወደ ውሃው እንደወጣ መለካት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። የስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ በችኮላ ስለቀዘቀዘ ብዙው መስታወት ነው፤ ፍሎራይዱም በዚያ መስታወት ውስጥ ተይዞ ይቀመጣል። ከመሬት ጥልቀት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውሃው ጋር ሲገናኝ ድንጋዩን እየበላ ውሃውን በሶዲየምና በባይካርቦኔት ይሞላዋል፤ ይህ ዓይነቱ ውሃ ፍሎራይድን ከመስታወቱ ውስጥ ይጎትተዋል። ፍሎራይድን ይዞ ሊያስቀር የሚችለው ዘበኛ ካልሲየም ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ፍሎራይት የተባለ ማዕድን ሆነው ከውሃው ይወጣሉ። በደጋው ጥቁር ድንጋይ ውስጥ የሚያልፍ ውሃ ካልሲየም ስላለው ይህ ችግር ብዙም የለበትም። በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ግን ካልሲየሙ ቀድሞ ኖራ ሆኖ ይቀመጣል ወይም በጭቃው ይዋጣል። ዘበኛው ተኝቷል ማለት ነው። በ2006 የታተመ ሌላ ጥናት በሻላና በአቢያታ ሐይቆች ውስጥ በሊትር ከ200 ሚሊግራም በላይ ተገኝቷል ይላል።

የመጀመሪያው ጠርሙስ ላይ ባይካርቦኔት ጨምሬ ቁጥሩ ሽቅብ ሲወጣ፣ በሁለተኛው ላይ ካልሲየም ጨምሬ ቁልቁል ሲወርድ ያየሁ ዕለት ምሳ መብላቴን ረሳሁ። መጽሐፍ ላይ የማውቀው ነገር ነው። ግን የገደምሳ ድንጋይ በዓይኔ እያየሁት ተናገረ።

ቢሆንም ውሃው ራሱ የለኝም። የመሳቢያ ድንጋይ የውሃ ጉድጓድ አይደለም። በ2013 ጥር አክስቴ ልጇን ለመጠየቅ ልትመጣ መሆኑን ስሰማ ለእህቴ ደወልኩና «ሦስት ሃይላንድ ውሃ ቀድተሽ ስጫት» አልኳት። ፍሎራይድ ለመለካት የሚመረጠው የፕላስቲክ ዕቃ ስለሆነ ሃይላንዱ ጥሩ ነው። ጉድጓዱ ላይ ቀድታ፣ ሦስቴ አለቅልቃ፣ እስከ አፉ ሞልታ፣ በማርከር «ካምፕ»፣ «አዋሽ»፣ «ቆቃ መንገድ» ብላ ጻፈችበት። አክስቴ በራሷ ፈቃድ አራተኛ ጨመረችበት፤ የዝቋላ አቦን ጠበል፣ ለእኔ ጤና። አየር ማረፊያ ሻንጣዋን የፈተሸው ሰው አራቱን ጠርሙስ አየና «ሆሊ ዋተር?» ብሎ ጠየቃት። አበሻ ሲያይ የመጀመሪያው አይደለም መቼም። አክስቴ እንግሊዝኛ የምታውቀው ያችኑ ያህል ነው፤ «የስ» አለችው። አሳለፋት።

ችግሩ ሌላ ነበር። አክስቴ ልትነሣ ስትል ጎረቤት ሞቶ፣ ሳትቀብርና ሳትስተዛዝን መውጣት አይሆንላትምና ጉዞዋን አራዘመች። ለፍሎራይድ የተቀዳ ውሃ በ28 ቀን ውስጥ መለካት አለበት የሚል የአሜሪካ መንግሥት ደንብ አለ። የእኔ ውሃ ላቦራቶሪ ሲደርስ 34 ቀኑ ነው። ለፕሮፌሰሬ አሳየሁት። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ጠርሙሶቹን አንስቶ የእህቴን ጽሕፈት ትክ ብሎ አየና «በቴሲሱ ውስጥ ሊገባ አይችልም» አለኝ። ቀኑ አልፏል፤ ማን እንደቀዳው፣ በየት እጅ እንዳለፈ የተፈረመበት ወረቀት የለም፤ እኔም አልነበርኩም። ልክ ነው። ዛሬ አንድ ወጣት ባልደረባዬ እንደዚያ ያለ ጠርሙስ ይዞ ቢመጣ እኔም የምመልስለት ያንኑ ነው። ግን እንዴት ብዬ ልገኝ?

ማታ ላቦራቶሪው ባዶ ሲሆን ለራሴ ለካሁት። «አዋሽ» ከሁሉ ያነሰ ነው። «ቆቃ መንገድ» ከፍ ይላል። «ካምፕ» ያለው፣ እኔና እህቶቼ ያደግንበት፣ አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የጠጣው፣ ከ1.5 በብዙ እጥፍ አለፈ። ኤሌክትሮዱ የተበላሸ መስሎኝ አጥቤ ደገምኩት። ያው ነው። ጠበሉን አልለካሁትም።

በእኛ አገር ነግቶ ስለነበር ወዲያው ደወልኩ። የእህቴ ልጅ ያኔ ስድስት ወሩ ነው። እንዲህ አልኳት፤ ጥርስ የሚበላሸው ከድድ ውስጥ ገና ሲሠራ ነው፣ እስከ ስምንት ዓመት ገደማ፤ ከዚያ በኋላ ጥርሱን አይነካውም። ስለዚህ ልጁ ከጉድጓዱ አንድ ጠብታ እንዳይቀምስ። ክረምቱን ከቆርቆሮው የዝናብ ውሃ አጠራቅሚ፣ በጋውን ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣውን አምጪለት፣ እሱንም ለጀርሙ አፍዪው። የጉድጓዱን ውሃ ግን ብታፈዪው አይረባም፤ ውሃው ተንኖ ፍሎራይዱ ይቀራል፣ እንዲያውም ይብሳል። «ታዲያ የእኛስ?» አለችኝ። «የእኛማ አልፏል» አልኳት። ዝም አለች።

ከዚያ በሻብና በኖራ ስለሚያጣሩት፣ ናልጎንዳ ስለሚባለው የሕንዶች ዘዴ፣ ከከብት አጥንት ከሰል ስለሚሠራው ማጣሪያም ነገርኳት። እናቴ ከጎን ትሰማ ኖሮ ስልኩን ተቀበለቻት፤ «አንተ ልጅ፣ በሁዳዴ የከብት አጥንት ያለፈበት ውሃ ልታጠጣን ነው?» የኮሚቴዬ ሦስት ፕሮፌሰሮች በአንድ ላይ ሆነው ያልጠየቁኝ ጥያቄ ነው። እስካሁንም የሚያረካ መልስ የለኝም። «ቄሱን ጠይቂ» ብዬ ነው ያለፍኩት። ይህን ለመሐንዲሶች ስናገር ይስቃሉ፤ የሚያስቅ ግን አይደለም፤ ማጣሪያ ተሠርቶ የማይጠጡት ከሆነ ቆርቆሮ ነው።

በ2014 ግንቦት ቴሲሴን ተከላከልኩ። ከኮሚቴው አንዱ፣ ድንጋይ ብቻ የሚወዱ ሽማግሌ፣ «ከስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ ሁሉ ገደምሳን ለምን መረጥክ?» አሉኝ። «መሳቢያው ውስጥ የነበረው እሱ ስለሆነ ነው» አልኳቸው። እሱም እውነት ነው። እጄን ወደ አፌ አስጠግቼ ነበር የመለስኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። የፌዴራል መንግሥት የጂኦሎጂ ሥራ በአብዛኛው ዜግነት ይጠይቃል፤ እኔ ያኔ አልነበረኝም። የቀጠረኝ አንድ አነስተኛ የአካባቢ ጥበቃ አማካሪ ድርጅት ነው። ሥራው ምን መሰላችሁ? ነዳጅ ማደያ! ከመሬት በታች ያለው ጋን አርጅቶ ቤንዚኑ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ሲፈስ፣ ዙሪያውን ጉድጓድ እየቆፈርን ምን ያህል እንደሄደ መለካት። የማደያው ባለቤት አበሻ የሆነ ቀን «ወንድሜ፣ አንተማ ልታዘጋብኝ ነው» ብሎ የሚለምነኝም አለ፤ ቡና ያጠጣኛል፤ ቁጥሩን ግን አልቀንስለትም። በብዙ ስቴቶች በጂኦሎጂስትነት ለመፈረም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሁለት ፈተና ነው፤ ሁለተኛውን ለመውሰድ የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ደሞዙ እንደ ነርስ ባይሆንም ያኖራል። ታክሲ የሚነዱት ወዳጄ «እንግዲህ ይሁና» ብለውኛል።

ዜግነት ካገኘሁ በኋላ በ2019 ሐምሌ አገሬ ገባሁ። ሻንጣዬ ውስጥ ሠላሳ የታጠቡ ጠርሙሶች፣ የጂ.ፒ.ኤስ. መሣሪያ፣ የሚፈረምበትም ወረቀት ነበሩ። የአባቴን መቃብር አየሁ። ገደምሳ ላይ ወጥቼ ድንጋዩን በራሴ መዶሻ ሰበርኩ፤ በስተርጅና ትንፋሽ አጥሮኝ። የካምፓችን አሮጌ ጉድጓድ ግን ተዘግቶ አገኘሁት፤ ፓምፑ ዝጎ፣ ሣር በቅሎበት። ከሱ የቀረኝ ያ 34 ቀን ያለፈው ጠርሙስ ብቻ ነው።

የእህቴ ልጅ ሰባት ዓመቱ ነበር። ግቢው ውስጥ ፀሐዩ ላይ አቁሜ አፉን እንዲከፍት ለመንኩት፤ ደስታ ከረሜላም ጉቦ ሰጠሁት። የወተት ጥርሶቹን ጥሎ ከላይ ሁለት፣ ከታች አራት አዲስ አብቅሏል። አንድ በአንድ አየኋቸው። ነጭ ናቸው። እህቴ ከበሩ ላይ ቆማ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ «እህስ?» አለችኝ። «እስካሁን ደህና ነው» አልኳት፤ «መንጋጋዎቹ ገና ናቸው።»